የንጉሡ ቀኝ እግር

ጀልባዋ ፉጨቷን ለቃ ከዳርቻው ስትላቀቅ እትዬ መርፌ ከሳንዱቁ ላይ አልተነሳችም። የቲያትር ቡድኑ ሰዎች ማዶ ያለውን ከተማ እናያለን ብለው ወደ ፊት ሄደዋል። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ወንዙን ጉም ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ የሚሰማው የእንፋሎቱ ሞተር ብቻ ነው፤ እንደ ታመመ በሬ ያቃስታል።

ከአጠገቧ ታላቅ ወንድሟ ተኝቷል። የተዋናዮቹ ሁሉ አንጋፋ እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከንጉሥ ወንበር ስላልወረደ ጋሼ ዙፋን ይሉታል። እሷ የቡድኑ ልብስ አልባሽ ናት። መርፌ ያሏት ስለምትሰፋ ብቻ አይደለም፤ ስትናገርም ትወጋለች።

ጋሼ ዙፋን በእንቅልፉ ይናገራል። ይህን ያመጣው ዘንድሮ ነው። አንዴ በንጉሥ ድምፅ በሩን ዝጉ ይላል። ጥቂት ቆይቶ በለማኝ ድምፅ አልፈህ አትሂድ ልጄ ይላል። እሷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ትስብለታለች። ንጉሡም ለማኙም አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ።

ዓመቱ እንዲህ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ ከተከፈተና የቴሌግራሙ ሽቦ ከተዘረጋ ወዲህ ከተማው ሁሉ ቲያትር አማረው። አንዱ ጋ ሳይጨርሱ ሌላው በሽቦ ይጠራቸዋል። እኩዮቹ ደጃፍ ላይ ፀሐይ በሚሞቁበት ዕድሜ ጋሼ ዙፋን ከባቡር ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ጀልባ ሲገላበጥ ከረመ። በጉብዝናው ዘመን እንኳ እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም። ከተሞቹ በእትዬ መርፌ ራስ ውስጥ ሳይቀር ተደባልቀዋል። በእህል መጋዘን ውስጥ የተጫወቱበት ከተማ ነበር፤ ንጉሡ በተቆጣ ቁጥር ከጣራው ገለባ ይዘንባል። ግድግዳው በመስተዋት የተለበጠ አዳራሽም ነበር፤ እዚያ ጋሼ ዙፋን ከየአቅጣጫው ራሱን ሲያይ እንግዶች መስለውት ለሁሉም እጅ ነሳ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እሷ ግን አላጨበጨበችም።

ከዚያ ቀን በፊትም ጠርጥራለች። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወርደውበት እሱ ብቻ እንደቀረ ሰው ተቀምጦ አገኘችው። ስሟን አልጠራም። ዛሬ ምን እንደሚጫወቱም አልጠየቀም። ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ እግሩን አየ። ቀዩን የንጉሥ ጫማ አድርጎ ነበር። ፊቱ ቀስ ብሎ በራ።

«እንግዲህ ንጉሥ ነኝ ማለት ነው» አለ።

ተነስቶም ንጉሥ ሆነ። አንዲት ቃል አልሳተም።

ጫማን ከጠዋት ማድረግ የዱሮ ልማዱ ነው። መምህሩ በልጅነቱ፣ የምትጫወተውን ሰው ጫማ ከጠዋት አድርገህ ዋልበት፤ ሰውየው ከእግር ነው የሚመጣው ብሎት ነበር። ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። የአንጋፋ ጥበብ ነው አሉ። ሎጋው የሚሉት ጎረምሳ ተዋናይ፣ ንጉሥ ሆኖ መጫወት የሚያምረው፣ እሱም ልሞክር ብሎ የወታደር ቡትስ አድርጎ ዋለና እግሩ ተላጦ ሳምንት አነከሰ። ጋሼ ዙፋን ግን ከጥበብ አልፎ ነበር። የንጉሡ ጫማ ተረከዙ እንጨት ነው፤ ሲራመድበት ቋ ይላል፤ በዚያ ድምፅ ንጉሥ መሆኑን ያውቃል። የለማኙ ነጠላ ጫማ ሶሉ ስስ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ በዚያ ዝምታ ለማኝ መሆኑን ያውቃል። ጫማ ከሌለው ማንም አይደለም። እትዬ መርፌ በየጠዋቱ ጎንበስ ብላ ለወንድሟ ማንነቱን ታጠልቅለታለች።

የራሱም ጫማ አለ። ከቤቱ ሲወጣ ያደረገው ባለ ማሰሪያ ጥቁር ቆዳ ነው፤ ከሳንዱቁ ሥር ተኝቷል። በአንድ የዕረፍት ቀን አውጥታ አጥልቃለት ነበር። ሊመጣ ቀጥሮት የቀረ ሰው እንደሚጠብቅ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳይነቅል ተቀምጦ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አላወጣችውም።

በጀልባው መሳፈሪያ አለቃው ወደ ጎን ጠርቷት ነበር። አለቃው ቡድኑን የሚመራው ሰው ነው፤ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን የሚጨነቅ ሰው ነው፤ ሲጨነቅ ደግሞ ጢሙን ይበላል። ማዶ ያለው ከተማ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ የአውራጃው ገዢ ራሳቸው ይመጣሉ አላት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋሼ ዘንድሮ አንዳንዴ ዓይናቸው ይርቅብኛል አለ። አንድ ቦታ ላይ ቢደናቀፉ ንጉሡን ለሎጋው እሰጣለሁ፤ እሳቸውን በተመላሽ ጀልባ ወደ ቤታቸው። አንቺ ግን ከእኛ ጋር ትቆያለሽ።

«እኔና እሱ አንድ ሳንዱቅ ነን» አለችው፤ «ግማሹን ጭነህ ግማሹን አትጥልም።»

እንዲህ ብትልም፣ ወንድሟ ቤት ገብቶ በጥቁሩ ጫማ ሲቀመጥ ታያት። የሚመጣበት ንጉሥ የለም፣ ለማኝም የለም።

ጀልባዋ መሐል ወንዝ ስትደርስ ጉሙ ተከፈተና ፀሐይ ወጣች። ልብስ አልባሽ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። በመንገድ ቀን ፀሐይ ከተገኘ ሳንዱቅ ይከፈታል፤ የንጉሡ ካባ ይናፈሳል፤ የአንድ ዓመት ላብ ይወጣለታል። ካባውን ገመድ ላይ ሰቀለች። ወንድሟ እንደተኛ ቀዩን ጫማ ከእግሩ ቀስ ብላ አውልቃ፣ እርጥበቱ ይውጣለት ብላ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ደረደረችው። ነፋስ መጣ። ካባው ከገመዱ ሊያመልጥ ሲል ሮጣ ያዘችው። በክርኗ ግራውን ጫማ መታችው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሷ የጣለችው የወንድሟን ግማሽ ነው።

ጫማው አልሰጠመም። እንደ ትንሽ ቀይ ጀልባ ቀና ብሎ ጥቂት ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉትን ያን ቀን በዓይኗ አየች። አልጮኸችም። የጀልባው ሾፌር እንዲያቆም እንኳ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ ለምን ብለው ሁሉም ይመጣሉ። ቀዩ ነጥብ ጉም ውስጥ ገባ። ዘወር ስትል ጋሼ ዙፋን ነቅቶ በካልሲ ብቻ ያለውን እግሩን ያያል።

«ደርሰናል?» አላት።

«ልንደርስ ነው፣ ወንድምጋሼ።»

«እነማን ነን?»

ቀሪውን ቀኝ ጫማ አጠለቀችለት። ግራው ባዶ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ዙፋን ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ፤ ግራ ገባው።

ከተማዋ ገዢውን ለመቀበል ሱቋን ሁሉ ዘግታ ነበር። እትዬ መርፌ ከጀልባ እንደወረዱ ጫማ ሰፊ ፍለጋ ድንጋዩን መንገድ ላይና ታች አለችው። በየሱቁ በር ላይ ከቁልፍ በቀር የሚያናግራት አላገኘችም። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነው። ተመልሳ ገባች። የሎጋውን ጫማ በዓይኗ ለካች፤ ታንኳ ነው። ጥቁሩን ጫማ ከሳንዱቁ ሥር ነካችና እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለሰች። በመጨረሻ የለማኙን ግራ ነጠላ ጫማ አወጣች፤ ከካባው ጠርዝ ቀይ ጨርቅ ቆርጣ ከላይ ሸፈነችው፤ ዙሪያውን ሰፋችው። ከሩቅ ለሚያይ ያው ቀይ ጫማ ነው። ሶሉ ግን የለማኝ ነው። ሌላ ምን ታድርግ? ግማሽ ንጉሥ ከሙሉ ለማኝ ይሻላል ብላ ለራሷ ተናገረች።

ለማንም አልነገረችም። ሎጋው ግን ሲያልፍ አየና ቆመ። ጫማውን አየ፤ እሷን አየ።

«እትዬ፣ ለአለቃ ልንገር?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጉጉት ግን ነበረበት።

«ንገረው። ከዚያ የካባውን ትከሻ ለአንተ አጠብባለሁ። ጫማውን ግን አንድ እግርህን ቆርጠህ ነው የምታደርገው።»

ሎጋው ሳቀና ሄደ። አልነገረም።

አዳራሹ አዲስ ነበር፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። መስኮቶቹን በከባድ መጋረጃ ሸፍነው የጋዝ መብራቱን ስላበሩ ውጭ ቀን መሆኑ ይረሳል። መኳንንቱና ሚስቶቻቸው ፊት ለፊት፣ ሹማምንቱ ከኋላቸው፣ የከተማው ሰው ከዚያ ወዲያ ተቀምጧል። እትዬ መርፌ ከመድረኩ ጎን በጥቁሩ ሸራ መሐል ዓይኗን አስገብታ ታያለች። የሁሉም ሰው ፊት በመብራቱ ጭላንጭል ውሃ ሥር ያለ ይመስላል።

ሁሉም ብድግ አለ። ገዢው ገቡ። የቀድሞ ጦር አዛዥ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ሜዳልያ ተደርድሯል። በመተላለፊያው ሲመጡ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ድምፃቸውም ተሰማ። ቋ። ዝም። ቋ። ዝም።

ቀኝ እግራቸው እንጨት ነበር።

እትዬ መርፌ ሸራውን ጨበጠች። ከኋላዋ ጋሼ ዙፋን ካባውን ለብሶ፣ ዘውዱን ደፍቶ፣ ሊገባ ተነስቷል። ልታስቆመው እጇን ስትዘረጋ መጋረጃው ተከፈተ። ንጉሡ ገባ።

ቋ። ዝም። ቋ። ዝም።

በአዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ማራገቢያዋን አጠፈች። ሌላ የተሰማ ነገር የለም። ሹማምንቱ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ገዢው አዞሩ። የሚስቅ የለም፤ መሳቅ የሚያስቀጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አለቃው ከማዶው ጎን ጢሙን አፉ ውስጥ ከትቶ እንደ ጨው ሐውልት ቆሟል። ገዢው አልተንቀሳቀሱም።

ጋሼ ዙፋን ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሁለቱ እግሮቹ መጣላታቸውን ተዉና እሱ ንጉሥ ሆነ። ድምፁ እንደ ዱሮው ከሆዱ ሥር መጣ። ጨዋታው የአንድ ንጉሥ ነው። ልጁ ለጠላት የከተማውን በር ከፍቷል፤ ንጉሡ በልጁ ላይ ይፈርዳል። መጨረሻ ላይ ከዙፋኑ ይነሳል፤ ወደ ልጁ ይሄዳል፤ ፊቱን አይቶ ውሰዱት ይላል። ልጁ ሳይናገር ይወጣል። መጋረጃ ይዘጋል። ልጁን የሚጫወተው ሎጋው ነው።

ያ ቦታ ደረሰ። ንጉሡ ተነሳ። ቀኙን አስቀደመ፤ ቋ። ግራውን አስከተለ፤ ምንም። እንደገና ቋ። እንደገና ምንም። መድረኩ መሐል ላይ ቆመና አንገቱን ደፍቶ እግሩን አየ። ሁለቱም ቀይ ናቸው። አንዱ ግን ንጉሥ ይለዋል፣ አንዱ አይለውም። እትዬ መርፌ ይህን ከሸራው ጀርባ ሆና እንደ ራሷ እግር አወቀችው። ልትጠራው ፈለገች። በየትኛው ስም ትጥራው?

ዝምታው ረዘመ። በሕልም ውስጥ እንደሚረዝም ዓይነት ነው፤ ማንም አላሳለም። ከዚያ ንጉሡ ዓይኑን ጨፈነ። ቡድኑ በሚያሳየው በሌላው ጨዋታ ለማኙ ዕውር ነው፤ በከተማው በር ተቀምጦ አላፊውን በድምፁ ይለያል። ጋሼ ዙፋን በዘውዱ ላይ ብርሃኑ እያብረቀረቀ፣ እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። የተዘረጋው እጅ የለማኝ እጅ ነበር።

«አልፈህ አትሂድ፣ ልጄ» አለ። «ዓይኔ አያይም። ኮቴህን ግን አውቀዋለሁ።»

አለቃው መጋረጃውን ዝጉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። ገመዱን የያዘው ሰው ግን ወደ መድረኩ ያያል፤ አለቃውን አላየም።

አሁን ነገሩ ሎጋው እጅ ላይ ወደቀ። ዝም ብሎ ቢወጣ በቂ ነበር። ሽማግሌው እጁን እንደዘረጋ ብቻውን ይቀራል፤ ንጉሥነቱ ከነገ ጀምሮ የሎጋው ይሆናል። እትዬ መርፌ ይህን አሰበች፤ እሱም ያሰበው መሰላት። ሎጋው ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ተመለሰ። በለማኙ ጨዋታ መንገደኛው እሱ ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል።

«ተሳስተዋል፣ አባባ» አለ። «እኔ የማንም ልጅ አይደለሁም። መንገደኛ ነኝ።»

«መንገደኛም ቢሆን የሰው ልጅ ነው» አለ ንጉሡ። «ቁጭ በል። ሁለታችንም ደክሞናል።»

ሎጋው መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ካባውን እንደለበሰ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ራሱን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ዘውዱ ወድቆ ተንከባለለ። ያኔ ነው መጋረጃው የተዘጋው።

አላጨበጨቡም። ሰዎቹ ገዢውን ይጠብቁ ነበር፤ ገዢው ደግሞ መጋረጃውን ያያሉ። ቆይተው ተነሱና ከዘራቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ጀርባ መጡ። ቋ። ዝም። አለቃው ወገቡን አጥፎ ተቀበላቸው።

«ይህን ጨዋታ በወጣትነቴ አይቼዋለሁ» አሉ ገዢው። «ያኔ ንጉሡ ልጁን አስገደለው። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር፤ ያኔ ሁለት እግር ነበረኝ።» ወደ ጋሼ ዙፋን እግር አዩ፤ ቀዩን ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ብቅ ያለውን የለማኝ ሶል። «እሱን ጠይቅልኝ። እግሬን ማን አበደረው?»

ጋሼ ዙፋን ቀና ብሎ አያቸው። ደረታቸው ላይ ያለውን ሜዳልያ፣ የእንጨት እግራቸውን ተራ በተራ አየ።

«እርስዎም ሁለት ሰው ነዎት?» አላቸው።

አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። ገዢው ግን ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኙን ለሽማግሌው ሰጡት። ከዚያም ሄዱ። ጭብጨባው ከአዳራሹ የመጣው እሳቸው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ነው፤ ብዙም ቆየ።

አለቃው በደስታ አበደ። ጢሙን ረሳው። እትዬ መርፌን ወደ ጥግ ወስዶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጨዋታ እንዲህ ነው አላት። በሚመጣው ዓመት ከዚህ በላይ ከተማ አለ፤ ባቡሩ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ጫማውን እንዳትነኪው፤ አንዱ ቀይ አንዱ ነጠላ፤ ልክ እንደዛሬው። ንጉሡም የጋሼ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው።

የፈለገችው ይህንን ነበር። ዓመቱን ሙሉ የዋሸችው፣ ጎንበስ ቀና ያለችው ለዚህ ነው። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ከአለቃው ትከሻ በላይ ወንድሟን አየችው። ሎጋው ካባውን እያወለቀለት ነው። ጋሼ ዙፋን አሁንም እግሮቹን ያያል። ጠላቶች አንድ ቤት እንደገቡበት ሰው፣ አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ነገ ደግሞ ይህንን ታጠልቅለታለች? ከነገ ወዲያስ?

«አለቃ» አለች፤ «ዛሬ ያየኸው ጨዋታ አልነበረም።»

አልገባውም። እንዲገባው ነገረችው፤ ከመጀመሪያው ጥርጣሬዋ ጀምራ፣ ምንም ሳትደብቅ፣ በአጭሩ። አለቃው ጢሙን ፈልጎ አገኘው። ሎጋው ካባውን እንደያዘ ሰምቷል፤ ቀረብ ብሎ ጋሼ ከእኔ ጋር ይቀመጡ፣ ቃሉን እኔ አስታውሳቸዋለሁ አለ። ደግ ነገር ነው፤ አመሰገነችው። ካባውን ግን እጁ ላይ ተወችለት።

«ትከሻውን አላጠብብልህም» አለችው። «አንተ ሙላው።»

ተመላሹ ጀልባ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ጉሙ ያው ነው፤ ሞተሩም ያው። ቀዩን ቀኝ ጫማ ከጀልባዋ ጠርዝ አሳልፋ ያዘችው፤ ጥቂት አሰበችና ጓደኛውን ተከትሎ እንዲሄድ ለቀቀችው። ከዚያ ሳንዱቁን እስከ ሥሩ ከፈተች። ጥቁሩን ጫማ አወጣች፤ ደርቋል፤ በመዳፏ አሸችው። ተንበርክካ አንዱን አጠለቀች፣ ሌላውን አጠለቀች፣ ሁለቱንም አሰረች።

ጋሼ ዙፋን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

«ደግ ሰው ነው?»

«አልፎ አልፎ» አለች።

ፈገግ አለ። እግሩን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ጫነ፤ ድምፁን አዳመጠ። ንጉሥም ለማኝም አላለውም።

«ቃሉ ምንድን ነው? ቃሉን አላስጠናሽኝም።»

«ቃል የለውም፣ ወንድምጋሼ። ከእህቱ ጋር ይቀመጣል። በቃ።»

ሽማግሌው አሰበበት። ከሳንዱቁ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ ስትቀመጥም እጁን እጇ ላይ አሳረፈ።

«እህ» አለ፤ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ።»